የብቅለት ፈተና

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቡሬ፣ ዘር መጋዘን፣
ሥራዬ መቁጠር ነው፣ ፍሬን በፍሬ መመዘን።
መቶ ፍሬ በቆሎ፣ አሥር በአሥር ደርድሬ፣
በእርጥብ አሸዋ ቀብሬ፣
ሰባት ቀን እጠብቃለሁ፤
በስምንተኛው ጧት የወጣውን እቆጥራለሁ።
ዘጠና ከበቀለ «ይዘራ» ብዬ እፈርማለሁ፤
ስልሳ ከሆነ ግን ለወፍጮ እልካለሁ።

ዘር ሲያረጅ አያስታውቅም።
ቆዳው አይሸበሸብም፣ ቀለሙም አይለቅም፤
ጆንያው ውስጥ ተኝቶ ሦስት ክረምት ያሳልፋል፤
ሲዘግኑት ያው ነው፣ ከጣት መሀል ያፈተልካል፤
ቢፈጩት ዱቄት፣ ቢቆሉት ቆሎ ይሆናል፤
ሲዘሩት ብቻ ነው የሚያሳፍረው፤ አፈር ይታዘበዋል።

ይህን ከማንም በላይ እያወቅሁ፣
የራሴን ጆንያ ሳልፈትሽ ስልሳ ዓመት ደፈንሁ።

የዝናን ሳገባት እሷ ሠላሳ ሁለት፣
እኔ ሚስቴን ቀብሬ፣ ልጆቼን ድሬ፣ ገና ነኝ በምልበት፤
ጥርሴ አልጎደለ፣ ወገቤ አልጎበጠ፤
ኩንታል ስሸከም ያየኝ ጎረምሳ ምራቁን ዋጠ።

አራት ዓመት አለፈ።
ከእኛ ቤት ለጎረቤት ወሬ ተረፈ።
አጥር የምንጋራት አንጓች፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣
«የአያ አንማው በቅሎ» አለቻት፣ ሰው በሞላበት መንገድ።
መጋዘን ውስጥ ይህ ቃል ለእኔ ደስታዬ ነው፤
«በቅሎ አገኘሁት» ካልሁ ዘሩ ደኅና ነው።
እሷ ግን ቃሉን ይዛ ገብታ፣ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣
ምሳዬን አቀረበች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታወጣ።

ጸበል ሄደች በጥር፣ ገና ሳይነጋ፤
እኔ ጋቢ ደርቤ ከዋርካው ሥር ስጠጋ
እሰማው ነበር፣ ውሃው ጀርባዋን ሲወጋ።
ዝም አልሁ።
ዘር የሚፈትሽ ሰው፣ ዝም አልሁ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ለማንም ሳልናገር፣
ደብረ ማርቆስ ሄድሁ፣ በሌሊቱ መኪና፣ ሽንኩርት ከጫኑ ሰዎች ጋር።
ልየው የሚባል ልጅ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣
ከታናሹ ልጄ ያነሰ፣
የላስቲክ ብልቃጥ ሰጠኝ፤ በአገጩ በር ጠቆመኝ፤
«አይቸኩሉ አባቴ» አለኝ፤ አባቴ ማለቱ አመመኝ።
መቀርቀሪያ የሌለው በር፣ ባጃጅ የሚጮህበት መስኮት፤
በአንድ እጄ በሩን ይዤ...
ሌላውን አልናገርም። እግዜር ያውቀዋል የዚያን ቀን እፍረት።

በበሩ መስታወት አየሁት፣ ማጉያው ላይ ሲያጎነብስ፣
ከንፈሩ ሲላወስ፤
ይቆጥራል።
እንደ እኔው። ይስታል፤ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል።

ጠራኝ። ይዤለት የሄድሁትን የየዝናን ወረቀት ገለጠ፤
የእኔን ከጎኑ አስቀመጠ፤
«እሳቸው ደኅና ናቸው። የእርስዎ ጥቂት ናቸው፤
ያሉትም ይዘገያሉ፤ ዕድሜ ነው የያዛቸው።
ወንድ አያረጅም የሚባለው ተረት ነው አባቴ፤
አይወልዱም አልልም...» አለ። ሌላውን አልሰማሁም፤ መታኝ አንጀቴ።
ይዘራ? ወይስ ለወፍጮ? ልለው አልሁና ተውሁት፤
የልጁን ፊርማ ብቻ ደጋግሜ አየሁት።

ቡሬ ስደርስ መሽቷል። እግሬ ከቤቴ በፊት አንጓች በር ላይ መጣ፤
ቆምሁ፣ ውሻዋ ሲጮህ፣ እጇን እያበሰች እስክትወጣ።
«በቅሎው እኔ ነኝ» አልኋት፣ «አገር ሁሉ ይስማ፤
እስኪ ይህንንም አውሪ፣ ከምንጩ እስከ ከተማ።»

የዝና ምድጃው አጠገብ ሽሮ ታማስላለች፤
እንደ ሁልጊዜው ቀና ሳትል «ዛሬስ ስንት በቀለ?» አለች።
ወረቀቱን ዘረጋሁት ከመብራቱ ሥር፤
«ከመቶ» አልሁ፣ «አሥር።
ምናልባት አሥር። የእኔ ነው፤ የመጋዘን አይደለም።»

ማማሰያው ቆመ።
እሳቱ ግን አልቆመም።
«በጥር» አለች ቆይታ፣ «ውሃው ይበርድ ነበረ።»
ሌላ አልተናገረችም። ሽሮው አረረ።